ሚትቦል በስሎው ኩከር፦ ሳይፈርስ፣ ስጎው ሳይቀጥን

በስሎው ኩከር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ ለሰዓታት ቀስ ብሎ በሚያበስል ድስት፣ ስለሚሠራ ሚትቦል (የተፈጨ ስጋ ድቡልቡል) የሚመጣው ጥያቄ ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፦ «ስጋው ለምን ፈረሰብኝ? ስጎውስ ለምን ውኃ ሆነ?» የሁለቱም መልስ አንድ ቦታ ነው ያለው። ስሎው ኩከር ያበስላል እንጂ አይጠብስም። እንፋሎቱም ክዳኑ ላይ ተጠራቅሞ ተመልሶ ይንጠባጠባል እንጂ አይወጣም። ስለዚህ እሳት የሚፈልገው ሥራ ሁሉ፣ ማለትም ቁሌቱም የስጋው መጠበስም፣ አስቀድሞ በምድጃ ላይ ማለቅ አለበት። ስሎው ኩከሩ የሚረከበው ከዚያ በኋላ ያለውን ብቻ ነው።

ከታች ያለው መጠን ከ5 እስከ 6 ሊትር ለሚይዝ ዕቃ ነው። እያንዳንዳቸው 35 ግራም የሚሆኑ ወደ 40 የሚጠጉ ሚትቦሎች ይወጡታል፤ ከ6 እስከ 8 ሰው ያበላል። ዝግጅቱ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል፣ መብሰያው ደግሞ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጃል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ለሚትቦሉ፦
- የተፈጨ የበሬ ስጋ፣ 1 ኪሎ
- ጠርዙ የተነሳ ነጭ ዳቦ፣ 120 ግራም
- ወተት ወይም ውኃ፣ 120 ሚሊ ሊትር (ግማሽ ኩባያ)
- እንቁላል፣ 2
- ቀይ ሽንኩርት፣ 1 መካከለኛ
- ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ፣ የተፈጨ
- ጨው፣ 12 ግራም (ደቃቅ ከሆነ 2 የሻይ ማንኪያ)
- ቁንዶ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ
- ፔርሰሜሎ፣ አንድ እፍኝ፣ በደቃቁ የተከተፈ

ለስጎው፦
- የታሸገ የተፈጨ ቲማቲም፣ 800 ግራም (ባለ 400 ግራም ሁለት ቆርቆሮ)
- የቲማቲም ድልህ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ
- ቀይ ሽንኩርት፣ 2 መካከለኛ፣ በደቃቁ የተከተፈ
- ነጭ ሽንኩርት፣ 4 ፍልቃቂ
- ዘይት፣ 4 የሾርባ ማንኪያ
- ጨው፣ 1 የሻይ ማንኪያ
- ጦስኝ ወይም በሶብላ፣ እንደ ፍላጎት

ከዕቃ በኩል ከስሎው ኩከሩ ሌላ ሰፊ መጥበሻ ወይም ኦቨን፣ መፈቅፈቂያ፣ ጭልፋና የምግብ ቴርሞሜትር ያዘጋጁ። ቴርሞሜትሩ ቅንጦት እንዳይመስላችሁ፤ ለተፈጨ ስጋ ዋናው ዕቃ እሱ ነው።

ስለ ስጋው አንድ ነገር

ለክትፎ የተዘጋጀ ስጋ ለሚትቦል አይሆንም። ክትፎ ቀይ ስጋ ብቻ ይፈልጋል፤ ሚትቦል ግን ስብ ከሌለው ለሰዓታት ሲበስል ይደርቅና እንደ አሸዋ ይበታተናል። የምትፈልጉት ከመቶው ከ15 እስከ 20 እጅ ስብ ያለውን ነው። አሜሪካ ውስጥ ማሸጊያው ላይ 80/20 ወይም 85/15 ተብሎ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አዲስ አበባ ከሉካንዳ ስትገዙ ደግሞ 850 ግራም ያህል ወርች ከ150 ግራም ጮማ ጋር አብሮ እንዲፈጭላችሁ ጠይቁ። ከዚህ በላይ ስብ ከበዛ ስጎው ላይ ዘይት ይንሳፈፋል።

የተፈጨ ስጋ አይታጠብም። ውኃ ከገባበት አይያያዝም፤ ጀርሙም በመታጠብ አይለቅም፣ ማጠቢያ ገንዳው ላይ ይረጫል እንጂ።

አሠራር

1. ዳቦውን አርሱ። ዳቦውን በእጅ ቆራርሳችሁ ወተቱን ወይም ውኃውን አፍስሱበትና 10 ደቂቃ ይቆይ። ከዚያ በሹካ ደፍጥጡት፤ ገንፎ ሲመስል ደርሷል። የራሰው ዳቦ ውኃ ይዞ ይቆያል፣ ስጋውም እርስ በርሱ ተጣብቆ እንዳይጠነክር በመሃል ይገባል። ደረቅ የዳቦ ፍርፋሪ ከሆነ ያላችሁ 80 ግራም ይበቃል፤ እሱም ግን መራስ አለበት፤ ደረቁን ካስገባችሁት ውኃውን ከስጋው ይስባል። በዱቄት አትተኩት፤ ሚትቦሉ ሊጥ ሊጥ ይላል። ስንዴ የማይስማማው ሰው ካለ የንጹሕ ጤፍ እንጀራ ድርቆሽ ፈጭታችሁ በ80 ግራም መጠን መጠቀም ትችላላችሁ፤ ጥቂት መኮምጠጡን ግን አስቡበት።

2. ቅመሙን ከስጋው በፊት አዋህዱ። አንዱን ቀይ ሽንኩርት ፈቅፍቁና ውኃውን በእጅ ወይም በንጹሕ ጨርቅ ጭመቁት። ሳይጨመቅ ከገባ ለመፍረስ ዋናው ምክንያት እሱ ይሆናል። የተጨመቀውን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ እንቁላሉን፣ ጨውን፣ ቁንዶ በርበሬውንና ፔርሰሜሎውን ከራሰው ዳቦ ጋር በደንብ ምቱ። ስጋው የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

3. ስጋውን ጨምራችሁ በጣታችሁ ቀላቅሉ፣ አትሹ። ስጋው ከፍሪጅ እንደወጣ ቀዝቃዛ ይሁን። ጣታችሁን ዘርግታችሁ አንድ ደቂቃ ያህል አገላብጡ፤ ዳቦውና ስጋው ሲዋሃዱ አቁሙ። እንደ ዳቦ ሊጥ ከታሸ ጨው የነካው የስጋ ፕሮቲን ይተሳሰርና ውጤቱ ጥርስ ላይ የሚነጥር ላስቲክ ይሆናል። ብዙ ሰው «እንዳይፈርስብኝ» ብሎ በደንብ ያሸዋል፤ ትርፉ መጠንከር ነው።

4. ጨውን ለማወቅ ጥቂቱን ጠብሱ። ጥሬውን አትቅመሱ። የአንድ ማንኪያ ያህል ጠፍጥፋችሁ መጥበሻ ላይ አብስሉና ቅመሱ። የጎደለ ካለ አሁን ይስተካከላል፤ ክብ ከሆነ በኋላ መመለሻ የለውም።

5. አድቦልቡሉና አቀዝቅዙ። እጃችሁን ውኃ አስነክታችሁ ወደ 4 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ክቦች ሥሩ። የመጀመሪያውን በሚዛን ለኩት፤ 35 ግራም ከሆነ ሌላውን በእሱ ልክ ቀጥሉ። እኩል መሆናቸው ለመልክ ብቻ አይደለም፤ ትልቁ ሲበስል ትንሹ ይደርቃልና ነው። ስንጥቅ ያለበት ካለ መልሳችሁ አለስልሱት፤ መፈረስ የሚጀምረው ከስንጥቁ ነው። በትሪ ደርድራችሁ 30 ደቂቃ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡ። ስቡ ሲረጋ ቅርጹ ይጸናል። ጥሬ ስጋ የነካውን እጅ፣ መክተፊያና ሳህን አሁኑኑ በሳሙና እጠቡ።

6. ስጎውን በምድጃ ላይ ጀምሩ። ስጋው ፍሪጅ ውስጥ እያለ ዘይቱን አሙቃችሁ የተከተፈውን ሽንኩርት ከ8 እስከ 10 ደቂቃ አቁላሉ። ነጭ ሽንኩርቱን፣ ቀጥሎም ድልሁን ጨምሩና ድልሁ ቀለሙ እስኪጠቁር 2 ደቂቃ አማስሉ። ቲማቲሙንና ጨውን አስገብታችሁ አንድ ጊዜ ይፍላ። ውኃ አትጨምሩ፤ ቲማቲሙም ስጋውም የራሳቸውን ያወጣሉ። በታሸገው ፈንታ ትኩስ ቲማቲም የምትጠቀሙ ከሆነ 1 ኪሎ ልጣችሁ ክተፉና ውኃው እስኪጎድል 20 ደቂቃ ያህል ክዳን ሳትከድኑ አንተክትኩት።

ጥሬ ሽንኩርት በቀጥታ ስሎው ኩከር ውስጥ መጣል ሥራ የሚያቀል ይመስላል። ከ5 ሰዓት በኋላም ግን የተቀቀለ ሽንኩርት ነው የሚሆነው፤ የቁሌት ጣዕም አያመጣም።

7. ሚትቦሉን ጠብሱ። በኦቨን ከሆነ 220 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (425 ፋራናይት) አሙቁ፤ የመጋገሪያ ወረቀት ባነጠፋችሁበት ትሪ ላይ ሳይነካኩ ደርድሩና ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ጋግሩ። በመጥበሻ ከሆነ ጥቂት ዘይት አግላችሁ በ3 ዙር፣ በየዙሩ ከ6 እስከ 8 ደቂቃ እያገላበጣችሁ ጥበሱ። መጥበሻውን ካጨናነቃችሁት ስጋው በራሱ ውኃ ይቀቀላል፤ ቅርፊት አይዝም። እዚህ የምንፈልገው ውጪው ቡናማ ቅርፊት እንዲይዝ ነው፤ መሃሉ ጥሬ ቢሆን ግድ የለም። ቅርፊቱ ቅርጹን ይይዛል፣ ትርፍ ስቡ ትሪው ላይ ይቀራል፣ የጥብስ ጣዕሙም ወደ ስጎው ይገባል።

ማስጠንቀቂያ፦ በከፊል የበሰለ ሚትቦል ለነገ ተብሎ ፍሪጅ አይገባም። ሙቀቱ ጀርሙን ሳይገድል ለመራባት አመቺ ያደርግለታል። ወዲያው ወደ ስሎው ኩከሩ ይግባ። ሥራውን ለሁለት ቀን መክፈል ካስፈለጋችሁ ጥሬውን ድቡልቡል በአንድ ዕቃ፣ ስጎውን በሌላ አድርጋችሁ ፍሪጅ አሳድሩና መጥበሱን ለነገ አቆዩት።

8. ደርድሩ። ከስጎው ሢሶውን ከታች አፍስሱ፤ ይህ ስጋው ከድስቱ ሥር ጋር እንዳይያያዝ ነው። ሚትቦሎቹን በሁለት ድርብርብ አስቀምጡና የቀረውን ትኩስ ስጎ ከላይ አልብሱ። ሦስተኛ ድርብ ከመጣ ዕቃው አንሷችኋል፤ የታችኛው ይጨፈለቃል። ድስቱ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛው መሞላት አለበት። ከዚያ ካነሰ ያርራል፣ ከበለጠ ለመሞቅ ብዙ ጊዜ ይወስዳል።

9. አብስሉ። «ሎው» (ዝቅተኛው ሙቀት) ላይ ከ4 እስከ 5 ሰዓት፣ ወይም «ሃይ» (ከፍተኛው) ላይ ከ2 እስከ 2 ሰዓት ተኩል። ጊዜ ካላችሁ ሎው ይሻላል፤ ሃይ ላይ ስጎው ስለሚንተከተክ ክቦቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ክዳኑን አትክፈቱ። አንድ ጊዜ በተከፈተ ቁጥር የወጣውን ሙቀት ለመመለስ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈጃል። በማንኪያም አታማስሉ፤ ማንቀሳቀስ ካስፈለገ ድስቱን በሁለቱ እጀታዎቹ ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ወዝወዝ አድርጉት። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ ውኃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ ነገሩ ይዘገያል። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ሃይ ላይ አድርጋችሁ ከዚያ ወደ ሎው መልሱት፤ በመጨረሻም እስከ አንድ ሰዓት ጨምሩ።

10. መሃሉን ለኩ። ቴርሞሜትሩን በትልቁ ሚትቦል መሃል አስገቡ። የበሬና የበግ ስጋ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ (160 ፋራናይት)፣ የዶሮና የቱርክ ዶሮ (ተርኪ) ስጋ 74 ዲግሪ (165 ፋራናይት) መድረስ አለበት። ቀለም አትመኑ። የተፈጨ ስጋ ሙቀቱ ሳይደርስ ቡናማ ሊመስል፣ ደርሶም ሮዝ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ስጋ ሲፈጭ ላዩ ላይ የነበረው ጀርም ወደ ውስጥ ስለሚገባ ከሙዳ ስጋ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

11. ጨርሱ። ከላይ የተንሳፈፈውን ስብ በጭልፋ ግፈፉ። በሶብላው የሚገባው በመጨረሻው 15 ደቂቃ ነው፤ ቀድሞ ከገባ መዓዛው ይጠፋል። ጦስኝ ግን ደረቅ ከሆነ ከስጎው ጋር ከመጀመሪያው ቢገባም ይችላል። ፓስታውን ለብቻው ቀቅሉ፤ ስሎው ኩከር ውስጥ ከጣላችሁት ስጎውን ጠጥቶ ይላቁጣል።

በበርበሬ የሚሠራው

ለእንጀራ የሚሆን ከፈለጋችሁ የሚትቦሉ አሠራር አይለወጥም፤ የሚለወጠው ስጎው ነው። 600 ግራም ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ ክተፉና ያለ ዘይት ውኃው እስኪጠፋ 15 ደቂቃ ያህል አቁላሉ። ከዚያ ግማሽ ኩባያ ዘይትና 3 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ ጨምራችሁ፣ ውኃ ጠብ እያደረጋችሁ፣ ሳይያያዝ ሌላ 15 ደቂቃ አብስሉ። እዚህ ላይ አትቸኩሉ። ስሎው ኩከር በርበሬ አያበስልም፤ ጥሬ ጥሬ እያለ የገባ በርበሬ ከ5 ሰዓት በኋላም ጥሬ ጥሬ ይላል። ዘይቱ ወደ ላይ ሲወጣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ 350 ሚሊ ሊትር የፈላ ውኃና ጨው ጨምሩ። እዚህ ውኃ የምንጨምረው ቲማቲም ስለሌለ ነው። 2 የሾርባ ማንኪያ ንጥር ቅቤና ግማሽ የሻይ ማንኪያ መከለሻ በመጨረሻው 15 ደቂቃ ይገባል። ስጋና ወተት በማይቀላቀልበት ቤት፣ እስራኤል ያሉ ብዙ አንባቢዎች እንደሚጠይቁት፣ በወተቱ ፈንታ ውኃ፣ በቅቤው ፈንታ ዘይት ይሁን፤ አሠራሩ ላይ ምንም አያጎድልም።

ለጾም ከምስር የሚሠራው ድቡልቡል በዚህ መንገድ አይሆንም። ለሰዓታት ፈሳሽ ውስጥ ሲቆይ ይሟሟል። እሱን በኦቨን ጋግራችሁ ስጎውን ሲቀርብ ከላይ አፍስሱበት።

መብራትና ቮልት

ከአሜሪካ የመጣ ባለ 120 ቮልት ስሎው ኩከር ኢትዮጵያ ውስጥ በቀጥታ 220 ቮልት ላይ ከተሰካ ከተሠራበት ኃይል ከ3 እጥፍ በላይ ይወስድና ይቃጠላል። የሶኬቱን እግር ብቻ የሚቀይር አዳፕተር ቮልት አይቀንስም፤ ትራንስፎርመር ያስፈልጋል። ብዙዎቹ ከ200 እስከ 300 ዋት ስለሚወስዱ 500 ዋት የሚችል ይበቃል፤ የራሳችሁን ግን ከሥሩ አንብቡ። የተገላቢጦሹም አለ። ባለ 220 ቮልቱን አሜሪካ ብትሰኩት ለብ ከማለት አያልፍም፤ ለብ ያለ ስጋ ደግሞ ከተቃጠለው የባሰ አደጋ ነው።

ምክንያቱም ከ4 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት መካከል ጀርም በፍጥነት ይራባል። መብራት ሲጠፋም ነገሩ ይኸው ነው። ቤት ውስጥ ከሆናችሁ ወዲያው ወደ ጋዝ ወይም ከሰል አዛውሩና ጨርሱ። ጨርሶ ከበሰለ በኋላ ከጠፋ ክዳኑ ሳይከፈት እስከ 2 ሰዓት ይቆያል። ውጪ ውላችሁ ስትመለሱ መብራት ሄዶ እንደነበር ካወቃችሁና ለምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ካልታወቀ፣ የበሰለ ቢመስልም ድፉት። ቶሎ ቶሎ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ትታችሁት ባትወጡ ይሻላል። ራሱ በሰዓቱ የሚነሳውን የ«ዲሌይ» መቆጣጠሪያም ለጥሬ ስጋ አትጠቀሙ።

ደጋግመው የሚታዩ ስህተቶች

ሳይጠበስ ማስገባት። ይቻላል፤ ግን ስጎው የፈላ፣ ክቦቹ ከፍሪጅ የወጡ መሆን አለባቸው። ለመጀመሪያው 2 ሰዓት ድስቱን ንክች አታድርጉት፤ ሎው ላይ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ስጡት። ስቡ ሁሉ ስጎው ውስጥ ስለሚቀር 90/10 ስጋ ይሻላል። ጣዕሙ ከተጠበሰው አይደርስም።

በረዶ የያዘ ጥሬ ሚትቦል። አይገባም። ለመቅለጥ በሚወስደው ጊዜ አደገኛው ሙቀት ውስጥ ይቆያል። አንድ ቀን ቀድማችሁ ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ አውርዱት።

ስጎው ቀጠነ። ሚትቦሎቹን አውጥታችሁ ስጎውን በሰፊ መጥበሻ 10 ደቂቃ አፍሉት። ሌላው መንገድ 1 የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርች በ2 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ በጥብጦ መጨመርና ሃይ ላይ 15 ደቂቃ ማቆየት ነው። የመጀመሪያው ይሻላል፤ ጣዕሙንም ያጠነክራል።

ስጎው ኮመጠጠ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ወይም ከመጀመሪያው አንድ የተፈቀፈቀ ካሮት ከሽንኩርቱ ጋር ማቁላላት።

«ዋርም» ላይ ማብሰል። ዋርም የበሰለን ሙቅ አድርጎ ለማቆየት ብቻ ነው፤ እሱም ከ2 ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ ስጋው መሰነጣጠቅ ይጀምራል።

ድስቱ መሰንጠቅ። የውስጡ የሴራሚክ ድስት ድንገተኛ የሙቀት ለውጥ አይችልም። ከፍሪጅ አውጥታችሁ በጋለ ማሞቂያ ላይ አታስቀምጡት፤ ትኩስ እያለም ቀዝቃዛ ውኃ አታፍስሱበት።

የተረፈው

ከድስቱ አውጥታችሁ ጥልቀት በሌላቸው ዕቃዎች ከፋፍሉና በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ። ጥልቅ ዕቃ ውስጥ መሃሉ ለሰዓታት ለብ ብሎ ይቆያል። ፍሪጅ ውስጥ ከ3 እስከ 4 ቀን፣ ፍሪዘር ውስጥ ከስጎው ጋር ከ2 እስከ 3 ወር ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ስታሞቁ በምድጃ ወይም በማይክሮዌቭ 74 ዲግሪ ይድረስ፤ በስሎው ኩከር አታሙቁት፤ ለማሞቅ በጣም ቀርፋፋ ነው። እንግዳ እስኪሰበሰብ ማቆየት ካስፈለገ በምድጃ ላይ ካፈላችሁት በኋላ ወደ ስሎው ኩከሩ መልሳችሁ ዋርም ላይ አድርጉት።